ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከሲጋራ ያላቅቃል ወይ?

በሰፈራችን ሞዓዶን፣ በአረጋውያን የቡና ሰዓት ላይ አንድ አባት ከኮታቸው ኪስ እስክርቢቶ የመሰለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ልጄ ገዛችልኝ» አሉ። «'አባ፣ ከሲጋራው ይቺ ትሻላለች' አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ 'ይኸማ ከድጡ ወደ ማጡ ነው' ትላለች። እንግዲህ ማንኛቸውን ልስማ?»

እኚህ አባት ከ30 ዓመት በላይ በቀን አንድ ፓኮ አጭሰዋል። ሐኪማቸው የእግራቸው የደም ሥር እየጠበበ መምጣቱን ነግሯቸዋል። አስም ያለበት የልጅ ልጃቸው ቤት ሲመጣ በረንዳ ወጥተው ያጨሳሉ፤ ልጁ ግን የልብሳቸውን ሽታ እንኳ አይችልም። ማቆም ይፈልጋሉ። ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቴም ተመልሰዋል።

ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች ወገኖችም ስለመጣልን፣ በዚህ ዕትም የምናውቀውን በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት ወሰንን።

አጭሩ መልስ

ልጃቸውም ባለቤታቸውም ከፊል እውነት ይዘዋል። ለዓመታት ሲጋራ ሲያጨስ የኖረ አዋቂ ሰው ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ጥሎ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቢዞር ጉዳቱ ይቀንስለታል፤ የማቆም ዕድሉም ከፍ ይላል። ነገር ግን ሁለቱንም እያፈራረቀ የሚስብ ሰው ብዙም አይጠቀምም። ጨርሶ የማያጨስ ሰው፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ ባይነካው ይሻለዋል። በተጨማሪም በኩፓት ሆሊማችን ጉዳታቸውና ጥቅማቸው በደንብ የተጠና ሌሎች መንገዶች አሉ። ብዙ ሰው ግን መብቱ መሆኑን አያውቅም።

አሁን ዝርዝሩን እንይ።

ዕቃው ምንድን ነው?

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወይም ልጆቻችን «ቬፕ» የሚሉት ዕቃ ባትሪ፣ የሚግል ሽቦ እና ፈሳሽ አለው። ሰውዬው ሲስበው ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፤ ፈሳሹም ወደ ጉም ተለውጦ ወደ ሳንባ ይገባል። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫ ሽታ እና ኒኮቲን አለበት። የትምባሆ ቅጠል የለበትም፤ የሚቃጠል ነገርም የለም።

የዛሬውን ዓይነት ዕቃ በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። እሱ ራሱ አጫሽ ነበር፤ አባቱም በሳንባ ካንሰር ሞተዋል። ስለዚህ ዕቃው ገና ሲጀመር የታሰበው ለአጫሽ ሰው ነበር። ወጣቶችን የሚስብ የከረሜላና የፍራፍሬ ጣዕም እየበዛ የመጣው በኋላ፣ ገበያው ሲሰፋ ነው።

የሚገድለው ምኑ ነው?

ብዙ ሰው «የሲጋራ መርዙ ኒኮቲን ነው» ብሎ ያስባል። ይህ በከፊል ብቻ ነው ትክክል። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ሲጋራ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ካንሰሩን፣ የሳንባ በሽታውን እና አብዛኛውን የልብ ጉዳት የሚያመጣው ግን የትምባሆው ቃጠሎ ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ። ከእነሱ 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያመጡ ይታወቃል። ሬንጁ ሳንባን ያጠቁራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰው በከሰል ጭስ ሲታፈን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው።

በእስራኤል በየዓመቱ 8,000 ያህል ሰዎች ከማጨስ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ይገምታል። ከእነሱ መካከል ራሳቸው የማያጨሱ፣ የሌላ ሰው ጭስ የጎዳቸው ሰዎች አሉ።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ ቃጠሎ ስለሌለ ሬንጅም ካርቦን ሞኖክሳይድም አይወጣም ማለት ይቻላል። ይህ ማለት ግን የሚወጣው የውሃ እንፋሎት ብቻ ነው ማለት አይደለም። በጉሙ ውስጥ ኒኮቲን፣ ደቃቅ ቅንጣቶችና ሳንባን የሚያስቆጡ ነገሮች አሉ፤ መጠናቸው ግን ከሲጋራው ጭስ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ትክክለኛው አነጋገር «ጉዳት የለውም» ሳይሆን «ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት አለው» የሚለው ነው።

ጥናቶች ምን አገኙ?

ኮክሬን የተባለ በዓለም የታወቀ የተመራማሪዎች ድርጅት አለ። ሥራው በየአገሩ የተሠሩ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ መመዘን ነው። በ2024 መጀመሪያ ባወጣው ጽሑፍ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የተሠሩ 88 ጥናቶችን ተመልክቷል። በጥናቶቹ ከ27,000 በላይ አዋቂ አጫሾች ተሳትፈዋል።

ውጤቱን እንዲህ አድርገን እናስበው። ማቆም የሚፈልጉ 100 አጫሾች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል።

• ምንም ሳይታገዙ ወይም በምክር ብቻ ከሞከሩ፣ ለስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሳያጨሱ የሚቆዩት 4 ያህል ናቸው።
• የኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ ከተጠቀሙ 6 ያህል ይሆናሉ።
• ኒኮቲን ያለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተጠቀሙ ከ8 እስከ 11 ይደርሳሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በእርግጥ ይረዳል፤ ከፕላስተሩና ከማስቲካውም ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከ100 ሰዎች አብዛኞቹ በአንድ ሙከራ አይሳካላቸውም። ስለዚህ ሦስቴ ሞክረው የተመለሱት አባት ደካማ ሰው አይደሉም። ሱሱ ነው ብርቱው። አራተኛው ሙከራ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ደግሞም ከእርዳታ ጋር።

በ2019 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት በተለይ ይጠቀሳል። ማቆም የሚፈልጉ 886 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ፕላስተር፣ ማስቲካና የመሳሰሉትን አገኙ፤ ግማሾቹ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ። ሁለቱም ቡድኖች ቢያንስ ለአራት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ከአማካሪ ጋር እየተገናኙ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራው በኩል ከ100 ሰዎች 18ቱ፣ በሌላው በኩል ከ100 ሰዎች 10 ያህሉ ሲጋራ አቁመው ተገኙ።

የዚያው ጥናት ሌላ ግኝት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አማካይነት ሲጋራ ካቆሙት ውስጥ 80 በመቶው ከዓመት በኋላም ኤሌክትሮኒኩን እየሳቡ ነበር። በፕላስተርና በማስቲካ ካቆሙት ግን አሁንም እነሱን ይጠቀሙ የነበሩት 9 በመቶ ብቻ ናቸው። ሲጋራው ቀረ፤ የኒኮቲን ሱሱ ግን ቤት ቀይሮ ተቀመጠ። የእኚያ እናት «ከድጡ ወደ ማጡ» ስጋት መነሻው ይኸ ነው።

ሐኪሞችና መንግሥታት ለምን አይስማሙም?

በእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ለአጫሾች ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ይመክራሉ። በ2023 ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች በነፃ ለማደል ዕቅድ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በዚያው ዓመት መንግሥታት ቁጥጥራቸውን እንዲያጠብቁ ጠይቋል፤ ምክንያቱም ዕቃው ወጣቶችን ወደ ኒኮቲን እየሳበ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ በ2019 የወጣው አዋጅ ሽያጩን ከልክሏል። ስለዚህ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ ወገኖች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ክርክሩ ሁለቱም ወገን ስለተለያየ ሰው ከማሰቡ የመጣ ነው። አንዱ የሚያስበው ስለ 60 ዓመቱ አጫሽ ነው፤ ሌላው ስለ 14 ዓመቷ ተማሪ። ለአጫሹ አዋቂ ዕቃው መውጫ በር ሊሆን ይችላል። ለተማሪዋ ግን መግቢያ በር ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የሲጋራ ካንሰር 20 እና 30 ዓመት ቆይቶ የሚመጣ በሽታ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በሰፊው ሥራ ላይ ከዋለ ገና ያን ያህል ጊዜ አልሞላውም። ስለዚህ በ30 ዓመት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል ሐኪም የለም።

በ2019 አሜሪካ ውስጥ ቬፕ የሚስቡ ሰዎች በሳንባ ጉዳት መታመማቸውን በዜና የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸውና 68 ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል። ምርመራው እንዳሳየው ዋናው ተጠያቂ በሐሺሽ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነው፤ አብዛኛውም ከመንገድ ሻጭ የተገዛ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፈሳሽ ወደ ሳንባ አይገባም።

ትልቁ ወጥመድ፦ ሁለቱንም መሳብ

በሰፈራችን በብዛት የምናየው ስሕተት ይኸ ነው። ሰውዬው ቬፕ ይገዛል፤ ቤት ውስጥና ሥራ ላይ እሱን ይስባል፤ ጠዋት ከቡና ጋር ግን «አንዲት ሲጋራ ብቻ» ይላል። ከ20 ሲጋራ ወደ 5 ስለወረደ አደጋው በአራት እጅ የቀነሰ ይመስለዋል።

ልብ ግን እንዲህ አይቆጥርም። በ2018 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው እንኳ በቀን 20 የሚያጨስ ሰው ካለበት ተጨማሪ የልብ በሽታ አደጋ ግማሽ የሚጠጋውን ይሸከማል። ስለዚህ መቀነስ ጥሩ ጅምር ነው፤ ጤናውን የሚመልሰው ግን ማቆም ነው። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚጠቅመው ሲጋራውን ሲተካ ነው። ሲጋራው ላይ ሲጨመር ትርፉ ሁለት ወጪ ነው።

ሌላም ማሳሰቢያ አለ። እንደ አይኮስ ያሉ ትምባሆ የሚያሞቁ ዕቃዎች ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አይደሉም፤ በውስጣቸው እውነተኛ ትምባሆ አለ። ናርጊላም ቢሆን ውሃው መርዙን አያጥበውም። ከላይ የተናገርናቸው ጥናቶች እነዚህን አይመለከቱም።

በኩፓት ሆሊም ምን መብት አለዎት?

በእስራኤል ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንደ መድኃኒት አልተመዘገበም፤ ኩፓት ሆሊምም አይሰጠውም። ነገር ግን ማጨስ ለማቆም የሚደረግ ሕክምና ከ2010 ጀምሮ በሳል ብሪዑት፣ ማለትም ሕጉ ለሁላችንም በሚያረጋግጠው የጤና አገልግሎት ውስጥ ገብቷል። የኩፓት ሆሊም አባል ሁሉ በቡድን የሚሰጥ የማቆሚያ ሳድና መካፈል ይችላል፤ ለተካፋዮችም መድኃኒቱ በቅናሽ ይሰጣል።

የሚሰጡት እነዚህ ናቸው፦

• በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር፣ ማስቲካና የሚመጠጥ ክኒን። ፕላስተርና ማስቲካ አንድ ላይ ሲወሰዱ ከአንዱ ብቻ የተሻለ ይሠራሉ።
• ሐኪም የሚያዛቸው ክኒኖች፣ ለምሳሌ ቫሬኒክሊን እና ቡፕሮፒዮን። ቫሬኒክሊን በጥናት ሲመዘን ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የማያንስ ውጤት አለው፤ ሕክምናውም የተወሰነ ጊዜ አለው፤ ያልቃል።

«ሳድናው በዕብራይስጥ ነው፤ እኔ ምን እሰማለሁ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው፣ ችግር ነው። ወደ ቤተሰብ ሐኪምዎ ሲሄዱ በክሊኒኩ መጋሼር ወይም መጋሼሬት ካለ አብረው እንዲገቡ ይጠይቁ። ከሌለም ወደ ክፍላችን ይምጡ፤ ቶር በመያዝና በማስተርጎም እንረዳዎታለን። ስለ መብትዎ ጥያቄ ካለዎት የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የስልክ መስመር *5400 ነው።

ሌላው እንቅፋት ሀፍረት ነው። ኢትዮጵያ ሳለን በመንደራችን ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ብርቅ ነበር። ብዙዎቻችን የለመድነው እዚህ ከመጣን በኋላ፣ በጦር ሠራዊት ወይም በሥራ ቦታ ነው። ስለዚህም የሚደብቅ አለ፤ ሐኪሙ ሲጠይቀውም «አላጨስም» የሚል አለ። ሐኪም አይፈርድም። የማያውቀውን ግን ሊያክም አይችልም።

ሰንበትን የሚያከብር አጫሽ ያለው ጉልበት

አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ሰንበትን የሚጠብቅ አጫሽ በየሳምንቱ ከዓርብ ምሽት እስከ ቅዳሜ ማታ 25 ሰዓት ያህል ሳያጨስ ይኖራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከደም እስኪወጣ የሚፈጀው አንድ ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ሰንበት ሲወጣ ደምዎ ከዚያ ጋዝ ጠርቷል። ያንን ሰዓት «አሁን ልለኩስ» ከማለት ይልቅ «አንደኛውን ቀን ጨርሻለሁ» ብሎ መቁጠር ይቻላል። ከዮም ኪፑር ጾም ወይም ከስግድ ጾም በኋላም እንደዚሁ ነው።

እዚህ ላይ በፕላስተርና በቬፕ መካከል ልዩነት አለ። ቬፕ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስለሆነ በሰንበት አይነካም፤ ሰንበት ሲወጣ አምሮቱ በርትቶ ወደ ሲጋራው ሊመልስ ይችላል። ለ24 ሰዓት የሚሠራ ፕላስተር ግን ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ይለጠፋል። ስለ ሕጉ ጥያቄ ካለዎት ቄስዎን ወይም ረቢዎን ያማክሩ።

በቬፕ ልሞክር ብለው ከወሰኑ

1. ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ የሚጥሉበትን ቀን ይቁረጡ። ከዚያ ቀን በኋላ አንዲትም ሲጋራ አይኑር።
2. ከታወቀ ሱቅ፣ መለያ ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ይግዙ። በእስራኤል ሕግ ኒኮቲኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ከመንገድ ወይም በቴሌግራም አይግዙ።
3. አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ። ማጨስ ሲቆም የአንዳንድ የአእምሮ ጤና መድኃኒቶችና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት መጠን በሰውነት ውስጥ ሊለወጥ ስለሚችል ሐኪሙ መጠኑን ማስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። እርጉዝ ሴት ሳታማክር አትጀምር።
4. ፈሳሹን ከሕፃናት ያርቁ። ሕፃን ከጠጣው ይመርዘዋል፤ እንዲህ ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ 101 ደውሉ።
5. ማጨስ በተከለከለበት ቦታ ቬፕም የተከለከለ ነው። ቤት ውስጥ በልጆች ፊትም አይሳቡት።
6. ሲጋራውን ረስተው ጥቂት ወራት ሲቆዩ የኒኮቲኑን መጠን ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ በመጨረሻም ቬፑን ራሱን ይተዉት። ሲጋራው የሚያምርዎት ከሆነ ግን አይቸኩሉ፤ ወደ ሲጋራ መመለስ የባሰ ነው።

ለወላጆች

ልጅዎ አጫሽ ካልሆነ «ከሲጋራ ይሻላል» የሚለው ንግግር እሱን አይመለከትም። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ዕቃው ማርከርና የኮምፒዩተር ዲስክ-ኦን-ኪ ይመስላል፤ ሽታውም የሲጋራ ሳይሆን የሐብሐብ ወይም የማስቲካ ነው። ስለዚህ በአፍንጫ ብቻ አይታወቅም። ቢያገኙበት ከመጮህ ይልቅ ቁጭ ብለው ያነጋግሩት፤ ከከበደዎት ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ወደ እኛ ይምጡ።

ትርፉ ምንድን ነው?

አንድ ፓኮ 35 ሸቀል ነው ብንል፣ በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው በዓመት 12,775 ሸቀል ያቃጥላል። በጤና በኩል ደግሞ፣ ሲጋራ ባቆሙ በዓመት ውስጥ ማጨስ ያመጣው ተጨማሪ የልብ በሽታ አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በ60 ዓመትም ቢሆን ማቆም ዕድሜ ይጨምራል። «ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» የሚባል ዕድሜ የለም።

ያን ቀን ለእኚያ አባት የነገርናቸው ይህንኑ ነው። ልጅዎ ያመጣችው ከሲጋራው ይሻላል፤ ባለቤትዎ የፈሩትም አለ። መጀመሪያ ግን በእጅዎ ያለውን መብት ይሞክሩ አልናቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ቶሩን ያዙልኝ፤ ግን ከሰንበት በኋላ ይሁን» አሉ። ቶሩ ለእሑድ ጠዋት ተይዟል፤ መጋሼሬቷም አብራቸው ትገባለች።

እርስዎም ማቆም ከፈለጉ፣ ወይም የሚያስቡለት አጫሽ በቤትዎ ካለ፣ ወደ ረቫሃ ክፍላችን ብቅ ይበሉ። ቡናም አለ።